እጇን ያላወጣችው አባይነሽ

በእኛ ሰፈር ክፉ ሰው ኖሮ አያውቅም። እንዲህ የሚሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ አላልኩም። አምና እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም አዛኝ፣ ሁሉም ለተበደለ ሰው አንጀቱ የሚላወስ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁ ጎሚስታ ነኝ፤ ከተማረ ሰው ጋር አልከራከርም። ጎማ ግን አውቃለሁ። በደረቁ ካየኸው የማንም ጎማ ደህና ነው። ውሃ ውስጥ ስትነክረው ነው በየት በኩል እንደሚተነፍስ የሚታይህ።

ድንኳን ውስጥ የተባለውን ከመናገሬ በፊት ግን እትዬ አባይነሽን ላሳያችሁ።

አሰላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር፣ የእኛንና የእሷን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነበር። እሱም አጥር ከተባለ ነው፤ ዶሮም ልጅም የሚያሾልክ የቆርቆሮና የባህር ዛፍ ቅልቅል። ከቡታጅራ በኩል የመጣች ናት። ባሏ ሾፌር ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። ልጅ የላትም። የምትተዳደረው ሹራብ እየሠራች ነው። አሮጌ ሹራብ ከልባሽ ተራ ታመጣለች፣ ትተረትረዋለች፣ ክሩን አጥባ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ በሁለት የብስክሌት ራጂ ሽቦ እንደገና ሠርታ አዲስ ታደርገዋለች። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ እስከ ረፋድ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ግማሹ የሰፈር ልጅ የእሷን ሹራብ ለብሶ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው።

እናቴ ዙቤዳ ሳል የማይለያት እህል ነጋዴ ነበረች። አባቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። በገበያ ቀን እናቴ ሳጉሬ ሄዳ ገብስና ስንዴ ስትሸምት፣ እኔ የምውለው እትዬ አባይነሽ ቤት ነው።

«ያ ሚፍታ፣ ኮቱ! እጅህን አምጣ!» ትለኛለች።

ኦሮምኛዋ እዚያው «ና» ላይ ይቆማል። አሥር ዓመት ኖራ ከዚያ አላለፈም፤ እናቴ በሳቅ ትሞትባት ነበር። ሁለት እጄን ወደፊት ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ታጥቦ የደረቀውን ክር እጆቼ ላይ ታጠልቅና ማዶ ተቀምጣ ትጠቀልለዋለች። ክሩ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው ሲሮጥ መዳፌን ይኮረኩረኛል። ሳሙና ሳሙና፣ በግ በግ ይሸታል።

«አትንቀሳቀስ። ዛፍ ሁን።»

«እትዬ፣ አፍንጫዬን በላኝ።»

«ዛፍ አፍንጫ የለውም።»

«እኔ ግን አለኝ!»

ይሄኔ እየሳቀች በጉልበቷ ተንፏቃ መጥታ አፍንጫዬን ታክልኛለች። ጣቷ ሻካራ ነው፣ ግን ቀስ ብላ ነው የምታክልኝ። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ «እጅህን አምጣ» ያለኝ ሰው የለም። አምጣ የሚሉኝ ሌላ ሌላውን ነው።

እድራችን እስላም ክርስቲያን አይልም ነበር። የድንኳኑን፣ የወንበሩንና የድስቱን መጋዘን የሚጠብቀው ቱሳ የሚባል ሽማግሌ ነው። አንድ ሰሞን ትልቁ ጎላ፣ ያ መቶ ሰው የሚመግበው ድስት፣ ከመጋዘኑ ጠፋ። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉ ያለው ቱሳ ጋ ነው። ነገሩ ያለቀለት መሰለ። ሁለተኛው ቁልፍ የሊቀመንበሩ የአቶ በለጠ ኪስ ውስጥ እንደነበር ያን ጊዜ ያነሳ የለም። ሁሉም ያውቅ ነበር፣ አንድም አላነሳም።

እሑድ ጠዋት ሳሩ ላይ ተሰበሰብን። እኔ በእናቴ ጉልበት መሀል ተቀምጫለሁ። እትዬ አባይነሽ ከእኛ ፈንጠር ብላ ሹራቧን ትሠራለች። ቱሳ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ቱሳ እቃ ጠባቂነቱም እድርተኛነቱም ይብቃው የምትሉ፣ እጅ አውጡ!» አሉ አቶ በለጠ።

ከፊት ሁለት ሦስት እጅ ወጣ። ሌላው ሰው ግራ ቀኙን ማየት ጀመረ። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ የቀረው የሰዉ እጅ አይደለም፣ አንገቱ ነው። አንገት ወደ ግራ ይዞራል፣ አንገት ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። እናቴም ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ አንድ ጊዜ ሳለች፣ አወጣች። እኔም አወጣሁ።

«ኧረ ሚፍታም ድምፅ ሰጥቷል!» አለ አንዱ። ተሳቀ። ደስ አለኝ።

«አባይነሽ! እጅሽን ሹራቡ ያዘው እንዴ?» አሉ አቶ በለጠ።

«አልያዘውም አቶ በለጠ» አለች፣ ራጂዎቹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «ቱሳ ድስት ሲወስድ አላየሁም። ያላየሁትን በእጄ አልመሰክርም።»

«እኛስ አይተናል?»

«እሱን እጃችሁን ያወጣችሁት ታውቃላችሁ።»

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት «ውሸታሞች እያለችን እኮ ነው!» አለች። «አላልኩም» አለች አባይነሽ። «ብለሻል!» አለ ሌላው። «ብላለች! ብላለች!» አለ ሁሉም። እኔም ብያለሁ። ምን እንዳለች እንኳን አልገባኝም ነበር።

«እንግዲያው ስሙ!» አሉ አቶ በለጠ። «ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ መጥታ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ፣ እሳት እንዳትጫጫሯት፣ ሰላም እንዳትሏት። እሷን ያናገረ፣ እሱም ቀባሪ የለውም!»

«ይሁን!» አለ ሰዉ።

ትልቅ ሰው «ቀባሪ የለውም» ሲባል የሚታየው ድንኳኑና ወንበሩ ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሞትን የሚያመጣው እድሩ ይመስለኝ ነበር። ጡሩንባው በተነፋ ቁጥር ሰው ይሞታላ! ጡሩንባውን የሚያስነፉት ደግሞ አቶ በለጠ ናቸው። እናም የገባኝ እንዲህ ነው፤ አባይነሽን ያናገረ ይሞታል፣ ወይም የእሱ ሰው ይሞትበታል።

ሰኞ ግን ልቤ እንቢ አለኝና በአጥሩ ሾልኬ ገባሁ። ክር ያዝኩላት። «እናትህ ታውቃለች?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ዋሸሁ። አፍንጫዬ ሳይበላኝም አከከችልኝ። ያን ቀን ከሰዓት እናቴን ሁለት ሰዎች ደግፈው ከሳጉሬ አመጧት፤ ሳሏ በርትቶባት ከሚኒባሱ ስትወርድ ወድቃለች። አልጋው ጥግ ቆሜ ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ። ማን እንዳደረገው አውቄ ነበር። ያደረገው የእኔ አፍ ነው። ወላሂ፣ ዳግመኛ አላናግራትም አልኩ።

እናቴ በማግስቱ፣ «ሚፍቲ፣ እትዬን መንገድ ላይ ካገኘሃት ዝም ብለህ እለፍ» አለችኝ። «መንገድ ላይ» ማለቷን ልብ አላልኩም። አንድ ልጅ በየትኛው ቃል ላይ ነገር እንደሚቀመጥ በምን ያውቃል?

ዘጠኝ ወር አላናገርኳት። በአጥሩ ቀዳዳ «ሚፍታ» ስትለኝ ጆሮዬን ይዤ እሮጣለሁ። ሮጬ ስገባ እናቴ እየተነፈሰች እንደሆነ አያለሁ። እየተነፈሰች ነው። እኔ ነኝ ያቆየኋት። የእናቴን ነፍስ በአፌ ውስጥ ይዤ የምዞር ይመስለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ምግብ ሳኝክ እንኳን እጠነቀቅ ነበር።

በመሀሉ ጎላው ተመለሰ። አንድ ጠዋት ሰው ሲነሳ መጋዘኑ በር ላይ ተደፍቶ አገኘው። የአቶ በለጠ አማች ሳጉሬ ልጁን ሲድር ወስዶት፣ ረስቶት ከርሞ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ቱሳ እርግማኑን ፈርቶ የመለሰው መስሎኝ ነበር። ቱሳ ደግሞ ጮሌ የሚባል አገር፣ ልጁ ዘንድ ከሄደ ቆይቷል። ሰዉ ድስቱን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ፣ ተሸክሞ አስገባው። «ተሳስተናል» ለማለት መጀመሪያ አንድ ሰው መናገር ነበረበት። ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ጠበቀ። እየጠበቁ ክረምቱ ወጣ።

የሰፈራችን ውሃ የሚቀዳው ከቦኖው ነው። ጀሪካኑ ተሰልፎ፣ ሴቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ወሬው እየተቀዳ። አባይነሽ ስትመጣ ወሬው ይቆማል። ከእሷ ጀሪካን በኋላ ሁለት ጀሪካን የሚያህል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ልክ የታመመ ነገር እንዳለ።

ያን ጠዋት እናቴ ሳጉሬ ነበረች። አነስተኛዋን ጀሪካኔን ሞልቼ ትከሻዬ ላይ ለማውጣት ስታገል ድምፅዋን ሰማሁ።

«ሚፍታ።»

ሰው ፊት ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሹራብህ እጅጌው አጥሯል እኮ። አድገሃል። ቆይ፣ ልርዳህ።»

መጥታ ጀሪካኑን አነሳችና ትከሻዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጣቷ አንገቴን ነካኝ። ያ ሻካራ ጣት። ሰውነቴ ሁሉ ወደ እሷ ሊሄድ ፈለገ፤ ይህን ማንም አያውቅልኝም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ግራ አየሁ። ቀኝ አየሁ። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ነው የሚያዩት። እናቴ ከሚኒባስ ስትወድቅ ታየችኝ።

ጀሪካኑን አወረድኩ። ክዳኑን ፈትቼ ውሃውን በሙሉ እግሯ ሥር ደፋሁት። ከዚያ የነካችኝን አንገቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ፤ እሷ በሠራችው ሹራብ እጅጌ።

አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም። አሁን ሳስበው የጭንቀት ሳቅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጭብጨባ ነበር የመሰለኝ። አቶ በለጠ በመንገዱ ሲያልፉ አይተው ኖሮ መጡና ራሴን ዳበሱኝ።

«አያችሁ? ከእናንተ ከትልልቆቹ ይሄ ልጅ ተሻለ!»

አባይነሽ የረጠበ ጫማዋን ለጥቂት ጊዜ አየች። ጀሪካኗን ባዶውን አንስታ ሄደች።

እናቴ ከሰዓት ስትመጣ ምርቃት እየጠበቅሁ ሮጬ ነገርኳት። ተሸክማው የነበረውን እህል መሬት ላይ ለቀቀችው። «ማል ጎቴ?» አለችኝ። ምን አደረግክ? ፊቷን በሻሿ ሸፍና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳሉ የተነሳባት መስሎኝ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ። ጀሪካኑ ባዶ ነበር።

በአራተኛው ቀን የእትዬ አባይነሽ ቤት ደጃፍ ላይ ጋሪ ቆመ። ፍራሿን፣ ሣጥኗን፣ የክር ከረጢቷን ጫኑ። ዴራ ያለው ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ነው ተባለ። አንድም ሰው ከቤቱ አልወጣም፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ጋሪው ሲነቃነቅ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ቤት ዞራ አየች። ጥፋቷን አምና አፍራ የምትሄድ መሰለኝ። ያሸነፍን መሰለኝ።

እንግዲህ አምና፣ በእናቴ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ ጎረቤታችን ፈይሩዛ ናት ነገሩን ያመጣችው።

«ዙቤዳ፣ አላህ ይዘንላት፣ ከአባይነሽ ጋር እንዴት ይዋደዱ ነበር!» አለች።

«አባይነሽን አታንሺብኝ» አለች አንዷ። «እኔ ለብቻዬ ተደብቄ በአጥሩ ሥር ዱቄት አስቀምጥላት ነበር።»

«አንቺም? እኔ ብቻ መስሎኝ! ከሰል በዘንቢል በጓሮ የማደርሳት እኔ ነበርኩ።»

«እኔስ? ሰው እንዳያየኝ እኮ በልጆች ሽንት ቤት በኩል ዞሬ ነው የምገባው!»

ተሳቀ። ለቅሶ መሆኑ ተረሳ። አቶ በለጠ እንኳን፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱት፣ «እኔ ራሴ ጥሩሰውን ልኬ ላምባ አልሰጠኋትም?» አሉ። ሚስታቸው እማማ ጥሩሰው አንገታቸውን ነቀነቁ። ፈይሩዛ ደግሞ እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች።

«እናትህማ ቅዳሜ ቅዳሜ አንተን ቁርኣን ቤት ሸኝታ አባይነሽ ቤት ነበር የምትውለው። በአንተ ፈንታ ክሩን የምትይዝላት እሷ ነበረች። ለልጁ እንዳትነግሪው፣ አፉ አይዘጋም ትለኝ ነበር።»

አፉ አይዘጋም! ዘጠኝ ወር የዘጋሁት አፍ።

ቆጠርኳቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያን እሑድ እጁን ያወጣ አሥራ አንድ ሰው ነበር። አሥራ አንዱም በጓሮ የእሷ ወገን ነበሩ።

«ታዲያ ማን ነው ያስወጣት?» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። አንገት ወደ ግራ፣ አንገት ወደ ቀኝ። በመጨረሻ እማማ ጥሩሰው ናቸው የተናገሩት።

«አትቀየመኝ ልጄ። ልትሄድ ስትል በጓሮ ገብቼ ይህን ሁሉ ችለሽ አሁን ለምን አልኳት። ‹የትልልቁን አውቀዋለሁ፤ በፊት ለፊት ይዘጋኛል፣ በጓሮ ይከፍትልኛል። ሕፃን ግን ማስመሰል አያውቅም። ሚፍታ ከተጸየፈኝ እውነትም ተጠልቻለሁ ማለት ነው› አለችኝ።»

«ኧረ ልጅ ነበር!» አለ አንዱ። «ምን ያውቃል!» አለ ሌላው። «ልጅ ነበር፣ ልጅ ነበር» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ማሩኝ። እኔን የሚምሩኝ እነሱ! ተነስቼ ከድንኳኑ ወጣሁ። ሚፍታ ድሮም ቂመኛ ነው ብለዋል አሉ። ይበሉ።

በሕይወት እንዳለች ከእማማ ጥሩሰው ጠይቄ ተረድቼ ነበር። ለመሄድ ግን ሰባት ወር ፈጀብኝ። ባለፈው ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ ዴራ ወረድኩ። ቆላ ነው፣ ጃኬቴን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ አጥንቻለሁ፤ ሦስት ነገር ነበር። ሚፍታ ነኝ። እናቴ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው። ናፍቀሽኛል።

ቤቱን የጠቆመኝ ሰው አልተሳሳተም። ጥላ ሥር ስድስት ሰባት ሴቶች ክብ ሠርተው ለጎረቤት ሠርግ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። እሷ መሀላቸው ናት። ፀጉሯ ነጥቷል፣ ጠባለች፣ ግን እሷ ናት። አንዷ ሴት የሆነ ነገር ብላት ጉልበቷን መታ አድርጋ ስትስቅ፣ ያ ሳቅ ሠላሳ ዓመት የትም አልሄደም። ጠጋ ስል ሁሉም እጃቸውን አቁመው ቀና አሉ።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለችኝ አንዷ።

ግራ አየሁ። ቀኝ አየሁ። አባይነሽም ታየኛለች፣ ዓይኗ በሽንኩርቱ ያለቅሳል።

«መንገድ ጠፍቶኝ ነው» አልኩ። «መናኸሪያው በየት በኩል ነው እማማ?»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መነሳት ጀመረች።

«ኧረ አባይነሽ ተቀመጪ፣ በዚህ ጉልበትሽ! ልጆቹ ያሳዩታል» አሉ ሴቶቹ።

«ምን አለበት፣ እንግዳ አይደል? እስከ መታጠፊያው ነው» አለች።

ቀስ እያልን ሄድን። እሷ አንድ እግሯን ትጎትታለች፣ እኔ እርምጃዬን ወደ እሷ አሳጠርኩ። ሴቶቹ ከኋላችን ቀሩ። መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ አንገቴን የማዞርበት ሰው የለም፣ ሰበብ የለኝም።

«ከየት ነህ?» አለችኝ።

«ከአሰላ።»

«አሰላ ብርድ ነው» አለች። እኔም ጠበቅሁ፤ እሷ እንድትጀምር ጠበቅሁ። እየጠበቅሁ መታጠፊያው ላይ ደረስን።

«ይኸውልህ» አለች፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የወረድኩበትን መናኸሪያ በጣቷ እያሳየችኝ። «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ አይጠፋህም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ይመለሱ፣ ፀሐይ ነው» አልኳት። ድሮ እርስዎ ብያት አላውቅም።

ቀጥ ብዬ ሄድኩ። አልጠፋኝም።